ሰማያዊው ያልነካው ባሕር

ከባልቲክ ባሕር ዳርቻ፣ ጁን 12 ቀን 1921

ይድረስ ለውድ ቴክላ ሮቬደር፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ ብልሽ አታምኚኝም፤ ስለዚህ እንደ ነገሩ አለሁ ልበል። ነፋሱ ፊታችንን ይልጠዋል። ሆቴሉ ከድንችና ከተጨሰ ዓሣ በቀር ምግብ የሚባል ነገር አያውቅም። የካሜራ ሠራተኛዬ ኖልቴ ጠዋትም ማታም ሥራ ልለቅ ነው ይላል።

ደብዳቤዎችሽ ሁለቱም ደርሰውኛል። ለመጀመሪያው ያልመለስኩት ንቄሽ አይደለም፤ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ዩስቱስ ፊቴ ላይ ድቅን እያለብኝ ነው። ከቀብሩ ለምን እንደቀረሁ ጠይቀሻል። ወንድምሽ ነውና መብትሽ ነው። ግን ቀረጻ አቋርጬ ሃምቡርግ ብመጣ ኖሮ ገንዘብ ያወጡት ሰዎች ፊልሙን ይዘጉት ነበር፤ ፊልሙ ከተዘጋ ደግሞ ዩስቱስ ሁለተኛ ሞተ ማለት ነው። ሥራውን ላተርፍለት ብዬ ነው የቀረሁት። የአበባ ጉንጉን ልኬ ነበር። ደረሰ አይደል?

ስለ ዩስቱስ ካፖርት ላልሽው፣ የት እንዳለ አላውቅም። ግራጫውን፣ እናታችሁ አንዱን ቁልፍ በቀንድ ቁልፍ የተካችለትን ነው የምትይው። እንዴት አላውቀውም? ሣጥኖቹ ሲጓጓዙ ጠፍቶ ይሆናል፤ አስፈልጋለሁ። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው ያለሽም ልክ ነው። ሐኪሙ ያልነገረሽን ግን እኔ ልንገርሽ፤ ዩስቱስ ያን ቀን ጠጥቶ ነበር። ስለ ሟች ክፉ አይወራም፣ እዚህ ላይ ላቁም።

አሁን ወደ ሥራችን። «ባሕር የመለሰችው» ሊያልቅ ነው። ከዩስቱስ የሙት ሚና የቀረውን ከጀርባ እሱን የሚመስል ሰው አቁሜ እየጨረስኩ ነው። የተቀረጸበትን ዋና ፊልም፣ ኔጋቲቩን፣ ኖልቴ ወደ አንቺ ማባዣ ቤት ያመጣዋል። በርሊን ውስጥ ፊልም የሚያባዛ ሞልቷል፤ ሌሊት መሥራት የምትችይው ግን አንቺ ብቻ ነሽ። እኛ በጠራራ ፀሐይ የቀረጽነውን ሙት አንቺ የሰማያዊ ቀለም ገንዳሽ ውስጥ ነክረሽ ስታወጪው ሌሊት ይሆናል። ጋዜጦቹ «የጀርመን እንቅልፍ ነሺ» ይሉኛል። ያለ አንቺ ሰማያዊ ግን እኔ ማን ነኝ? በቀን ብርሃን አንሶላ ያለበሰውን ሰው የሚያሯሩጥ ቀልደኛ።

የቀድሞው ወዳጅሽ፣ አሁንም ወዳጅሽ፣
ኦስቪን ቲድኬ

በርሊን፣ ጁላይ 3 ቀን 1921

ይድረስ ለኦስቪን፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? ወግ ነው፣ ወጉ አይቅር።

አበባው ደርሷል። ጥብጣቡ ላይ የፊልምህ ስም በወርቅ ቀለም ተጽፎበት ነበር። እናቴ ሳታነበው ቆርጬ ኪሴ ከተትኩት። ሬሳ ሣጥን ላይ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጠጥቶ ነበር ትለኛለህ። ወንድሜ የቢራ ሽታ የሚያስነጥሰው ሰው ነበር። አንተ ስትጠጣ ደግፎ ደረጃ የሚያወጣህ ማን እንደነበር ረሳኸው? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ አንተ ግን የደገፈህንም ትረሳለህ።

ኖልቴ ኔጋቲቩን አምጥቷል። ከአንተ ጋር የነበረውን ሥራም ለቋል። እራት አቀረብኩለት፤ ሾርባው ሳያልቅ ማልቀስ ጀመረ። ነገሩን ሁሉ ነገረኝ። ማርች ወር ነበር፣ በረዶው ከባሕሩ ገና መሄዱ። ዩስቱስ ከፈን ብቻ ለብሶ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆመ። አንተ ድገመው አልክ፤ እንደገና ድገመው አልክ። ካፖርቴን ስጡኝ ሲል «መንቀጥቀጡ ግሩም ነው፣ ካፖርት ከደረበ ይጠፋል» ብለህ ከለከልከው። ካፖርቱ ጠፋ ትለኛለህ? ክንድህ ላይ ነበር እኮ፣ ኦስቪን። እንደ ሆቴል አስተናጋጅ ክንድህ ላይ አንጠልጥለኸው ነበር።

ካሣ አልፈልግም። ፊልሙ ላይ ስሙ በትልቁ ይጻፍ አላልኩህም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በምረቃው ዕለት፣ ፊልሙ ሳይጀመር፣ መድረክ ላይ ወጥተህ ወንድሜ እንዴት እንደሞተ ተናገር። «ካፖርቱን ከለከልኩት» በል። ከአፍህ በሰው ፊት ይውጣ፤ ከዚያ በኋላ የፈለግከውን ያህል ሌሊት እነክርልሃለሁ።

ደግሞ የባሕሩን ቁራጭ መብራት ላይ ዘርግቼ አየሁት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ምን እንዲል ነበር ያዘዝከው?

ቴክላ

ሃምቡርግ፣ ኦገስት 20 ቀን 1921

ይድረስ ለውድ ቴክላ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ምረቃው እዚህ ሃምቡርግ እንዲሆን ስለተወሰነ ከሲኒማ ቤቱ ባለቤት ጋር ስጨቃጨቅ ከረምኩ። ኦክቶበር ላይ ነው።

ስለ ኖልቴ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሥራ የለቀቀ ሰው ስለ አለቃው ምን የማይለው አለ?

መድረክ ላይ ወጥተህ ተናገር ያልሽው አይሆንም። እኔ እምቢ ብዬ አይደለም። ሰው ከፍሎ የሚገባው ሊፈራ ነው እንጂ ንስሐ ሊያዳምጥ አይደለም። ዩስቱስ ቢኖር እሱ ራሱ «ኦስቪን፣ ዝም በልና ፊልሙን አሳይ» ይለኝ ነበር። ታውቂዋለሽ።

ምን እንዲል አዘዝከው ላልሽኝ ምንም አላዘዝኩትም። ድምፅ በሌለው ፊልም ምን አለ ማን ይሰማል? አፉን ይክፈት እንጂ። ሸራው ላይ በሚወጣው ጽሑፍ «ሙሽራዬን መልሱልኝ» ብለን አስገብተንበታል። ግን ያን ቁራጭ ከሌላው ሁሉ አብልጠሽ አጥቁሪልኝ። ፊቱ ጥላ ብቻ ይሁን፣ አፉ አይለይ። ፍርሃት ያለው ሰው አጥርቶ በማያየው ነገር ውስጥ ነው።

አሁን ደስ የሚልሽን ልንገርሽ። ካፖርቱ ተገኘ። እናትሽንም ዓሣ ገበያ ሄጄ አየኋት። ጆሮዋ ባይሰማም ፊቷ ሁሉን ይሰማል። አንገቷ ላይ በምታንጠለጥላት ሰሌዳ «የልጅዎን ካፖርት በሕዝብ ፊት አለብስዎታለሁ» ብዬ ጻፍኩላት፤ እጄን ይዛ አለቀሰች። ጋዜጠኞች ይኖራሉ። የፊት ረድፍ ላይ ከጎኔ ትቀመጣለች። አንቺ የጠየቅሽኝ ክብር ከዚህ ይበልጣል?

የአንቺው ኦስቪን

በርሊን፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1921

ይድረስ ለኦስቪን፣

እሺ። ተረታሁ በለው። መድረክ የምትወጣው ንግግር ልታደርግ እንዳልሆነ ገብቶኛል፤ ደግሜ አልጠይቅህም። ቀለሙን በሌላ ሰው እጅ አላስነክርም፣ እኔው ራሴ እሠራዋለሁ። ሰማያዊ ቶሎ አይደርቅም፤ ተጣድፎ የተጠቀለለ እንደሆነ ይላጣል። ስለዚህ ቅጂውን በዕለቱ በባቡር ይዤው እመጣለሁ። ቀድሜ ልየው አትበል።

አንድ ነገር ግን ልለምንህ፤ ከዚህ በኋላ ምንም አልለምንህም። እናቴን ተዋት። ካፖርቱን በፖስታ ላክላት። እኔና ዩስቱስ አፍ የፈታነው እሷ ፊት ነው፤ ድምፃችን ስለማይጠቅማት ቃሉን በከንፈራችን ቀርጸን ማውጣት ነበረብን። ዩስቱስ ያለ ድምፅ መናገር የተማረው ከማንም ትምህርት ቤት አይደለም። እናት ልጇን በዚያ ሁኔታ ማየት የለባትም። በግልጽ ነው የምነግርህ፦ አታምጣት።

ቴክላ

ሃምቡርግ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1921

ውድ ቴክላ፣

ልብሽ ሩኅሩኅ ነው፣ ሁልጊዜም ነበር። ግን አትስጊ፤ ጋዜጦቹ ስለ ካፖርቱ ጽፈው ጨርሰዋል፣ ነገሩ ከእጄ ወጥቷል። ደግሞስ ምን ታያለች? የአንቺ ሰማያዊ እያለ የምታየው ጥላ ነው። ጥላ ደግሞ አይናገርም።

በጣም በችኮላ፣ ግን በምስጋና፣
ኦ.

ሃምቡርግ፣ ኦክቶበር 16 ቀን 1921

ለወይዘሪት ቴክላ ሮቬደር፣

ሰላምታ የለኝም። ከዛሬ ጀምሮ በእኔና በእርስዎ መካከል አንቺና አንተ የሚባል ነገር አይኖርም።

ምን እንዳደረጉኝ ያውቃሉ? እንዲገባዎት ከፊት ወንበር ሆኜ ያየሁትን ልንገርዎ። ሌሊቶቹ ሁሉ እንደተባለው ሰማያዊ ነበሩ። ሴቶቹ የባሎቻቸውን ክንድ ጨምድደው ነበር፤ ከኋላዬ አንድ ሰው በሹክሹክታ ሲጸልይ ሰምቻለሁ። ሃያ ፊልም የለፋሁት ለዚያች ደቂቃ ነው። ከዚያ ባሕሩ መጣ፤ ባሕሩ ነጭ። ቀትር! ከፈን የለበሰ ሙት ከውሃ ሲወጣ ፀሐይ አናቱ ላይ፣ ከኋላው የዋናተኞች ጎጆ፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ውሻውን የሚያናፍስ ሽማግሌ። መጀመሪያ አንዷ ሴት ፍርፍር አለች። ከዚያ ሲኒማ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ፎጣ አቀብሉት እንጂ!» ያለው የፎቁ ባለጌ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ኦርኬስትራው ሳይቀር እየሳቀ መጫወት አቃተው።

እናትዎ ግን አልሳቀችም። ከግማሽ ሰዓት በፊት በጭብጨባ ያለበስኳትን ካፖርት ለብሳ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። ብድግ አለች። ቀስ ብላ ወደ ሸራው ሄደች፣ ካፖርቱን አወለቀችና በሁለት እጇ ወደ ላይ ዘረጋችለት። የሙቱ ምስል ካፖርቱ ላይ ወረደ። ሳቁ ቆመ። ሰው ሁሉ ምን እንደሆነ ሳይነገረው ገባው። ከዚያ ዞረች፣ እኔን አየችኝና እጇን ታንቀሳቅስ ጀመር። ያ ሁሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ። ባርኔጣዬን ወንበር ላይ ትቼ ወጣሁ።

ጋዜጦቹ ዛሬ እንቅልፍ ነሺ አይሉኝም። ምን እንደሚሉኝ ራስዎ ያንብቡ። ጠበቃ ይዣለሁ፤ ነብር አየኝ ይበሉ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ፤ የሚመልሱልኝ ለእኔ ሳይሆን ለእግዚአብሔር ብለው ነው። ምን አለችኝ?

ኦስቪን ቲድኬ

በርሊን፣ ኦክቶበር 21 ቀን 1921

ለአቶ ኦስቪን ቲድኬ፣

ደብዳቤዎ በደህና ደርሶኛል። ባርኔጣዎን አስተናጋጁ አስቀምጦልዎታል።

ሰማያዊው አልቆብኝ ነው ብዬ ልዋሽ አስቤ ነበር። አልዋሽም፤ ውሸት የእርስዎ ሙያ ነው። ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት። ያን ቁራጭ ከገንዳው አጠገብ ይዤው ቆምኩና አልነከርኩትም። አስፈሪ ፊልም ሠሪ የሚፈራው ነገር ምንድን ነው ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። ሳቅ ብቻ ነው። ወንድሜን የገደሉበት ባሕር ላይ እንዲሳቅብዎ ፈለግኩ፤ ተሳቀብዎ፤ ደስ አለኝ። ከኋላ በር አጠገብ ቆሜ ደስ ሲለኝ ቆየሁ፣ እናቴ እስክትነሳ ድረስ።

አያምጧት ብዬዎት ነበር። ዩስቱስ ምን እንዳለ እኔ ከጁላይ ጀምሮ አውቃለሁ። እሷ ደግሞ በሕዝብ መካከል፣ ካፖርቱን ለብሳ አነበበችው። ስላልሰሙት ልጻፍልዎ። «ኦስቪን፣ ካፖርቴን። በቃኝ። እየሞትኩ ነው እኮ።» ሙሽራዬን መልሱልኝ ያላችሁበት ላይ ነው።

ክሱን ይቀጥሉበት። ዳኛው ፊት ፊልሙ ይታያል፣ ከንፈር የሚያነብ ሰውም ይጠራል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ እኔ የንጋቱን ድርሻ ብቻ ነው የሠራሁት።

እናቴ ምን እንዳለችዎ ጠይቀዋል። አልነግርዎትም። «ለእግዚአብሔር ብለው» ቢሉኝም አልነግርዎትም። እሱ ሰምቷታል፤ እርስዎ ሮጠዋል።

ቴክላ ሮቬደር

ሆሊውድ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 1929

ይድረስ ለተከበሩ ወይዘሪት ሮቬደር፣

ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ የእጅ ጽሑፌ ሲደርስዎ ሊቀድዱት እንደሚችሉ አውቃለሁ። ከመቅደድዎ በፊት ግን ጤናዎን እጠይቃለሁ፣ የእናትዎንም። እኔ ፀጉሬ ሸብቷል፤ ቤቴ ደጃፍ ላይ የብርቱካን ዛፍ አለ። ብርድ የሚባል የለም።

ከሃምቡርግ በኋላ ጀርመን ውስጥ ሥራ የሚሰጠኝ እንዳልነበረ ያውቃሉ። እዚህ ስመጣም ማንም አያውቀኝም ነበር። አንድ ቀን ከአንድ የስቱዲዮ አለቃ ጋር ምሳ ስንበላ ያን ነገር አጫወትኩት። እናት ከሸራው ፊት ቆማ በእጇ እንደረገመችኝ ነገርኩት። ሰውየው ሹካውን አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያዎቹ ሁሉ «የተረገመው ዳይሬክተር» ነው የሚሉኝ። ፊልም በወጣ ቁጥር ጋዜጠኛ ይመጣል፣ እኔም እነግረዋለሁ። አንዴ «ባሕር ይብላህ» አለችኝ እላለሁ፣ አንዴ «እንቅልፍ ይንሳህ»። አይሳቁብኝ፤ እንቅልፉ እንኳ እውነት ነው። ግን እርግማኑ ባይኖር ዛሬ እኔ የለሁም።

አሁን ፊልም መናገር ጀምሯል። የሕይወቴን ታሪክ ልሠራ ነው፤ እናቲቱን የምትጫወተዋ ተገኝታለች። በመጨረሻው ትዕይንት ከሸራው ዞራ በእጇ ታወራለች፣ ድምፅ ደግሞ ቃሉን ይናገራል። ብዙ ጸሐፊ ሞክሮታል፣ አንዱም አያስፈራም። እውነተኛው ቃል ያስፈልገኛል። የፈለጉትን ይጠይቁኝ። እለምንዎታለሁ፣ እናትዎ እንዴት ብላ ረገመችኝ?

ያልረሳዎት፣
ኦስቪን ቲድኬ

በርሊን፣ ጃንዋሪ 7 ቀን 1930

ይድረስ ለኦስቪን፣

እንደ ድሮው አንተ እልሃለሁ። ሰው ሲያረጅ ለጥላቻ ወግ ማብዛት ይታክተዋል።

እናቴ ባለፈው መኸር አርፋለች። ደብዳቤህ የደረሰው ዕቃዋን ሳስተካክል ነው። ወደ ምድጃው ልጥለው ነበር፤ «እርግማኑ ባይኖር እኔ የለሁም» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ተቀመጥኩና ደግሜ አነበብኩት። ይህን ሁሉ ዓመት ምን በልተህ እንደኖርክ ያኔ ገባኝ።

ቃሉን የደበቅኩህ ስለማይገባህ ነበር። አሁን የምሰጥህም ምሬህ እንዳይመስልህ።

እናቴ ከሸራው ስትዞር አንተ ወንበርህ ላይ ትንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ከኋላ ሆኜ አላየሁህም፤ የነገረችኝ እሷ ናት። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር አለችኝ። ካፖርቱን በአንድ እጇ ወደ አንተ ዘርግታ በሌላው እጇ የተናገረችው እንዲህ ነው፦ «ልጄ፣ አንተም በርዶሃል። ና ይህን ልበስ።» ሌላ አንድም ቃል አልጨመረችም። አንተ ሮጥክ።

በትራም ወደ ቤት ስንሄድ ተቆጣኋት። «ለእሱ ነው? ልጅሽን ለገደለው?» አልኳት። እሷም «የበረደውን ሰው ካፖርት ልከልክለው? እንደ እሱ ልሁን?» አለችኝ። እኔ የእሷ ልብ የለኝም። ለዚያች ቃል ክረምቱን ሙሉ አኩርፌያታለሁ።

እንግዲህ ይኸውልህ፣ ከፊልምህ መጨረሻ ላይ አስገባው። ተዋናይቱ ስትለው ሰው ይፈራ እንደሆነ እይ። ጋዜጠኛም ሲመጣ ይህንኑ ንገረው። እርግማን ደርበህ፣ ሞቆህ ነው ስትኖር የነበርከው፤ ማንም አልረገመህም፣ ኦስቪን። የሸሸኸው ልበስ ከምትልህ አሮጊት ነው።

ካፖርቱን በመርከብ ልኬልሃለሁ። ብል አላገኘውም፤ የቀንድ ቁልፉም እንዳለ ነው። እዚያ አገር ብርድ የለም ብለኸኛል። አንተ ግን ከእንግዲህ ይበርድሃል።

ቴክላ፣ የዩስቱስ እህት